በመቁረጫ ቀን የሚዘለለው ኪኒን

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ ከዛለ በኋላ መስፋቱን ለሚስቱ ቢተውም መቁረጡን ግን ለማንም አልሰጠም። የጤና ጣቢያ ሐኪም በየጠዋቱ የሚወስዳቸው ሁለት የደም ግፊት ኪኒኖች አዛለታለች። አንደኛው ሽንት ቤት ያመላልሳል፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ግቢው ጥግ ነው። አጎቴ ሱፉን ዘርግቶ በጠመኔ ካሰመረ በኋላ መነሳት አይሆንለትም። ስለዚህ በመቁረጫ ቀን ያንን ኪኒን ይዘለው ጀመር፤ ለማንም አልተናገረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ ሚስቱ ግፊቱን እየለካች ነበር። ቁጥሩን አየችና ደግማ ለካች።

«ኪኒንህን ውጠሃል?»

«አንዱን።»

«ሌላውስ?»

«ሱፍ እየቆረጥኩ እኮ ነው። መስመሩ ከተዛነፈ የሰው ልብስ አበላሻለሁ።»

«ሱፍ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። አንተን ከየትኛው ሱቅ ልግዛህ?»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ስትሮኩ ድጋሚ ከመታህ ያቺ መቀስ የምትይዝባት እጅህም አትቀርልህም» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ያኔ መቀሱን አስቀመጠ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ስንት ቀን እንደዘለለም ለሐኪሟ አንድ በአንድ ነገራት።

«ኪኒኑ አይዘለልም፤ የሚቆርጡበትን ሰዓት ይቀይሩ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቱን ክር ሲመርጥና ሽንት ቤት ሲመላለስ ያረፍድ ጀመር፤ መቀስ የሚያነሳው ከምሳ በኋላ ሆነ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራ። የሠርጌን ሱፍም የቆረጠልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይቸኩል ነው።