በፖሊሶቹ ጃኬት ላይ የነበረው ገመድ

ያን ቀን ጠዋት ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ውስጥ የአንዲት እናት ቁስል እያጠብኩ ነበር... የፖሊስ ሞተር መጥቶ በሩ ላይ ድምፁን አጠፋ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ወሩ ሐምሌ። እኔ ከሰላሌ ተመድቤ የመጣሁ፣ አገሩን ገና በቅጡ ያልለመድኩ ነርስ ነኝ።

የገባው ሃምሳ አለቃ ወርቁ ነው። በዓይን አውቀዋለሁ። ከተማው ውስጥ ሞተር የሚነዱ ጥቂት ፖሊሶች ነበሩ፤ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ሁሉም ጃኬታቸው ደረት ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አሰፍተዋል... የሞተር ጎማ፣ ጎማው ላይ የተጠመጠመ ገመድ።

የገመዱን ትርጉም የማያውቅ አልነበረም። «የእስረኛ ማሰሪያ ነው» ይላል አገሩ ሁሉ። ሰው ያን ምልክት ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

«ሲስተር፣ የመርፌ ዕቃሽን ያዥና ነይ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ስንደርስ ታውቂዋለሽ። አሁን አትጠይቂኝ።»

ከእኔ በፊት የነበረች ነርስ እንዲሁ ተጠርታ የተገረፈ እስረኛ ስታክም ዋለች፣ ከዚያ በኋላ ሰው ማናገር ተወች ሲባል ሰምቼ ነበር። ባልደረባዬ አስካለ ቦርሳዬን አቀበለችኝ።

ከኋላው ተቀመጥኩ። አሁን ወደ እስር ቤቱ ይታጠፋል ስል አልታጠፈም። ከተማውን ለቀን የጋይንትን መንገድ ያዝን። የጉና ተራራ ጉም መንገዱን ውጦታል። እስር ቤት እንኳ ካልሆነማ... ብዬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ መድገም ጀመርኩ።

አንድ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አቆመ።

«ውረጂ።»

በቃ፣ አለቀልኝ። እንባዬ እየወረደ ወረድኩ። ዞር ብሎ ሲያየኝ እሱ ራሱ ደነገጠ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ሊገድሉኝ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ከዚህ ወዲያ ሞተር አያስኬድም ብዬ ነው እኮ... በእግር ነው!»

በቀጭን መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ አንድ ጎጆ ደረስን። አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ በር ላይ ተቀበሉን። ውስጥ ልጃቸው መደብ ላይ ተኝቷል... የሳንባ ምች ነው፤ ትንፋሹ ከደጅ ይሰማል። ከተማ ወስደው ያላሳከሙት ለብሔራዊ ውትድርና ስለሚፈለግ ነው። ብቅ ካለ ይታፈሳል።

የሚያፍሱት ደግሞ እነ ሃምሳ አለቃ ወርቁ ናቸው።

ልጁን መርፌ ወጋሁትና ግራ ገብቶኝ ሁለቱን አፈራርቄ አየሁ። አያ ደሴ ነገሩ ገባቸው።

«አምና ክረምት ይኸ ሰው ልጆቻችንን ሊወስድ ሲመጣ ከነሞተሩ እዚያ ገደል ገባ» አሉኝ። «ሲጣራ ሰማን። ጎረቤት ተጠራርተን፣ የአህያ መጫኛ ገመድ ቀጣጥለን፣ ጎትተን አወጣነው።»

«ለምን እንደመጣ እያወቃችሁ?»

«እናውቃለን እንጂ። ግን ልጄ... ገደል ውስጥ ሆኖ ሲጣራ ድምፁ የሰው ነው።»

ዓይኔ ወደ ሃምሳ አለቃው ደረት ሄደ። አየኝና ምልክቱን በጣቱ ነካ አደረገው።

«አዎ፣ ያ መጫኛ ነው» አለ። «ከሆስፒታል ስወጣ ጓደኞቼ ‹ሁላችንም እናሰፋው› አሉ። አዛዣችን ግን ‹ይኸ ምንድን ነው?› ብሎ አፋጠጠን። ፖሊስን ገበሬ አዳነው፣ ያውም ልጁን ከውትድርና የሸሸገ ገበሬ፣ አይባል ነገር... ‹ፀረ አብዮተኛ የሚታሰርበት ገመድ ነው› አልነው።»

«እና ምን አሉ?»

«አጨበጨበልን።»

አያ ደሴ ከት ብለው ሳቁ። ልጁም ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው። እኔ ግን ሳቅም ለቅሶም ተቀላቀለብኝ... ሰውዬው ይህን ሲያደርግ ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ስመለስ አስካለ ጥግ ይዛ ጠበቀችኝ።

«የገመዱ ነገር... እንደሚወራው ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እውነቱን ብነግራት ወሬው ወጥቶ ልጁንም ሃምሳ አለቃውንም ያስበላቸዋል።

«ከሚወራውም ይብሳል» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ልጁ እስኪሻለው ድረስ ሞተሩ በመጣ ቁጥር ተነሥቼ ስወጣ የት ሄድሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።

ልጁ ዳነ። ሃምሳ አለቃ ወርቁ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ዳግም አላየሁትም።

ዛሬም ሰው ደረት ላይ የሚያስፈራ ምልክት ሳይ... «የሚወራው ትርጉሙ እውነተኛው ይሆን፣ ወይስ እንደ ወርቁ ለአለቃ የተነገረው?» እላለሁ።