የጋሼ የልቅሶ ቤት ጥያቄ

አጎቴ ልቅሶ ሲደርሱ እንደ ሰው «እግዜር ያጽናህ» አይሉም ነበር። በወጣትነታቸው ሩሲያ ሲማሩ ያነበቡት አንድ ሃይማኖተኛ ፈላስፋ፣ የልጆች ግዴታ የሞቱ አባቶቻቸውን በእምነትም በሳይንስም ማስነሣት ነው ብሎ ያስተምር ነበር አሉ። ስለዚህ ሐዘንተኛውን ጠጋ ብለው «ታዲያ ምን ልታደርግ አሰብክ?» ይሉታል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አንድ ቀን ኖርዝጌት ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ «ጋሼ፣ የምርዎን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ግን አልቅሶ ዝም ማለት አይከብድሽም?»

ቅዳሜ ቀበርናቸው። ሌክ ሲቲ ሰፈር ያለው ቤታቸው፣ መኪናውን ፓርክ እያደረገ የገባው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ያንን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። ሶፋው ላይ ቦታቸውን የደፈረ የለም።

ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?