ጠበቃ ቢሮ የሄዱት ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ በሰው ፊት ተመሰገንኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ያረፉት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ልጃቸው ቶለሳ አፓርታማው ሥር ባለው አዳራሽ ለቀስተኛውን ተቀብሎ፣ ምስሩም ድንች ወጡም ከተበላ በኋላ ተነሣና ስለ አባቱ ጥቂት ተናገረ። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ አመለከተ። «ይቺን ሴት ታያላችሁ? ሰናይት ትባላለች። ተማሪ ሳለን ጠበቃ ፊት አስቀምጠው ስም ጥሪ ሲሏት፣ የእኔን ስም አልጠራችም። አባቴ እስኪሞት ‹ሰው ማለት እንደ ሰናይት ነው› ይለን ነበር።» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። አጠገቤ የነበረችው ልጄ ሊዲያ በእንግሊዝኛዋ «እውነት ነው?» ስትለኝ «በኋላ» አልኳት።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሲዋርድ ሰፈር ውስጥ ከአጎቴ ከጋሽ ተስፋዬ ጋር እኖር ነበር። ጋሼ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ፣ እዚህ ራምፕ የሚሉት ላይ፣ ትኬት እየተቀበሉ በር ይከፍታሉ። እኔ ኮሌጅ ኮምፒውተር እማራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ብርዱ የጉድ ነበር። ፀጉሬን ታጥቤ ከወጣሁ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሳልደርስ እንደ ሽቦ ይደርቃል። በፀሐይ እንዳይመስላችሁ፣ በረዶ ሆኖ ነው።

ኮምፒውተሬ ኮሌጁ ከጣላቸው ዕቃዎች ተለቃቅሞ የተገጣጠመ፣ ሊኑክስ በሚባል በነፃ በሚገኝ ሥርዓት የሚሠራ ነበር። አንድ ቀን ከደመወዜ ላይ ቀንሼ የፊልም ዲስክ ገዛሁ። ብከተው አልከፈት አለ። ለካ ፊልሙ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የሚሰጠው ደግሞ ከፊልም ድርጅቶቹ ጋር ለተዋዋሉ ማጫወቻ ሠሪዎች ብቻ ነው። ለእኛ ለሊኑክስ ሰዎች የሚዋዋልልን የለም። ዶሮ ገዝቼ በራስሽ ድስት አትሠሪያትም ተባልኩ ማለት ነው። በሽቄ ሞትኩ። ዛሬም ሳስበው እበሽቃለሁ!

ቶለሳ የክፍሌ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፣ ጣቶቹ ግን ኪቦርድ ላይ ዝም አይሉም። «ይሄን ሞክሪ» ብሎ አንድ ፍሎፒ ሰጠኝ። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ቁልፉን ፈትተው የጻፉት አጭር ፕሮግራም ነው፤ ቶለሳ በእኛ ዓይነት ማሽን እንዲሠራ አስተካክሎታል። ዲስኩ ተከፈተ! ከመጮኼ የተነሣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ሊያስወጡን ነበር። ፊልሙ እንኳ የረባ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የፊልም ድርጅቶቹ «ይሄ የሌባ መክፈቻ ነው፣ ማሰራጨቱ በሕግ ክልክል ነው» ይላሉ። የኮምፒውተሩ ሰዎች «ይሄ ጽሑፍ ነው፤ ሰው በመጻፉ አይከሰስም» ይላሉ። ፕሮግራሙ ከማጠሩ የተነሣ ቲሸርት ላይ አሳትሞ የሚለብሰው ሞልቶ ነበር። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ለብሼው ሄጃለሁ። ጀግና ነኛ! ቶለሳ «ስሜን ብቻ እንዳታነሺ፤ የእኛ ቤት ግሪን ካርድ ገና አልመጣም» አለኝ። «ምን ቆርጦኝ!» አልኩትና ፕሮግራሙን በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በራሴ ስም አወጣሁት። የእኔም ግሪን ካርድ ገና እንዳልመጣ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ብዙም ሳይቆይ የድርጅቶቹ ጠበቃ ደብዳቤ ላከ። ገጹን አውርጂ፣ ፕሮግራሙን ከማን እንዳገኘሽ አሳውቂ፣ አለዚያ እንከስሻለን ይላል። ኮሌጁ ገጹን ያኔውኑ ዘጋና በነፃ ከምትረዳ ካረን ከምትባል ጠበቃ ጋር አገናኘኝ። ካረን ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበች። «ክሱ አይደለም የሚያስፈራኝ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ነው። ሕግ ጥሳለች የሚል ነገር ፋይልሽ ውስጥ ከገባ መዘዙ ብዙ ነው። አድርጌያለሁም አላደረግሁምም አትበይ። ለማንም! ገባሽ?»

ገባኝ። አፌን ዘጋሁ። ደብዳቤውን ግን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት።

«ሰኒ፣ ማን ነው የሚከስሽ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሰው አይደለም ጋሼ፣ ድርጅት ነው።»

«ድርጅት እጅ የለውም። ይሄን የፈረመው ሰው ነው።» መነጽራቸውን አድርገው ስሙንና አድራሻውን አነበቡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። «ውይ! ይሄ ሰውዬ እኮ እኔ የምሠራበት ራምፕ ላይ ነው የሚያቆመው! ሽበታሙ፣ ባለ ግራጫ መኪናው! አራት ዓመት በር የከፈትኩለት!»

«ጋሼ፣ በእግዜር፣ ምንም እንዳይሉት።»

«እኔ ምን እለዋለሁ?» አሉ። አመንኳቸው።

እንግዲህ በእኛ ደንብ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይላካል። የሽማግሌ የመጀመሪያ ቃሉ ደግሞ «ልጃችን አጥፍታለች» ነው። ጥፋቱ ካልታመነ ዕርቁ ከየት ይጀመራል? በማግስቱ ጋሼ የምሳ ሰዓታቸውን ጠብቀው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ፣ ከራምፑ ደግሞ የሥራ ባልደረባቸውን ኦቦ ገመቹን ይዘው ወደ ጠበቃው ቢሮ በሚያወጣው ሊፍት ውስጥ ገቡ። አዎ፣ የቶለሳን አባት! ነገሩ ልጃቸውን እንደሚነካ ኦቦ ገመቹ አያውቁም፤ ጋሼም አያውቁም።

የሰማሁት ከካረን ነው። «ሰናይት፣» አለችኝ በስልክ፣ «ሦስት ሰዎች ጠበቃው ቢሮ ገብተው ያደረግሽው አንቺ እንደሆንሽ ተናግረዋል። ምን ነክቷቸው ነው?»

ቤት ስገባ ጋሼ ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ። «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ይቅር በላት አልነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃ ሰጠን። ያልነውንም ሁሉ ጻፈው።»

«ጻፈው?» ጮህኩ። «ገደላችሁኝ እኮ! ማን ሂዱ አላችሁ?»

በሕይወቴ ጋሼ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የመንገድ በረዶ ማቅለጫ ጨው የበላው ጫማቸው ሥር ውሃ ተጠራቀመ። እስከ ዓርብ እህል በአፌ አልዞረም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ኢሚግሬሽን ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ሁላችንም፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር፣ ጠበቃው ቢሮ ተጠራን። ጋሼ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ መጡ። ሰውየው ለሁሉም ወንበር አስቀርቦ አንድ ወረቀት ፊቴ አኖረ። ሦስት መስመር ነው። ገጹን አውርጃለሁ። ዳግም አላወጣም። ሦስተኛው «ፕሮግራሙን ያገኘሁት ከ» ይልና ባዶ ነው።

«ሞልተሽ ከፈረምሽ ፋይሉን እንዘጋለን፤ ለማንም አይላክም» አለ።

ካረን ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «የመሙላት ግዴታ የለብሽም። ካልሞላሽ ግን ምን እንደሚያደርጉ ላውቅልሽ አልችልም» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ቲሸርቱ፣ ጀግንነቱ፣ «ምን ቆርጦኝ» ያልኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የታየኝ ከዚህ አገር ውጪ ስባል ብቻ ነው። እስክሪብቶውን አነሣሁና ቲ ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ፣ ዝግ ብለው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያንቺን ጥፋት አመንን። እዚህ የሌለ ሰው ግን በዕርቅ ላይ ስሙ አይነሣም። ለዕርቅ ነው የመጣነው፣ ለጥቆማ አይደለም።»

እጄ ቆመ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ሰውየው ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ ጋሼ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ተረጎሙለት። ጋሼን ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ስልክ ሊደውል ወጣ። ጠበቅን። ካረን የወረቀት መያዣ ሽቦ ታጣምማለች፤ የጋሼ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከመስኮቱ ሥር ወንዙ በረዶ ለብሶ ተኝቷል። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ምንም አይነበብበትም። ቁጭ አለ፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ ሦስተኛውን መስመር ከነቲው ሰረዘው።

«ገጹ ከወረደ ደንበኞቼ ይበቃቸዋል» አለ። ምን እንዳራራው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈረምኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቆመው መጸለይ ጀመሩ፤ ጠበቃው ግራ ገብቶት አንገቱን ደፋ፤ ኦቦ ገመቹ «አሜን» ሲሉ እሱም «አሜን» አለ። ግሪን ካርዴ በዓመቱ መጣ። የቶለሳም መጣ።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ገመቹ ላገኙት ሁሉ «ይቺ ልጅ ሰው አልሸጠችም» ይላሉ። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ያቺን ፊደል አላዩም ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ በቆየ ቁጥር ለመስበር ያስቸግራል። ዲስኩም ጊዜው አለፈበት፤ ሊዲያ ብትጠየቅ በምን እንደሚከፈት አታውቅም። ቲዋ ግን አልጠፋችልኝም።

ቅዳሜ ለቀስተኛው ሲበተን ቶለሳን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። «አባትህ ያላወቁት ነገር አለ። ስምህን ጀምሬው ነበር። ቲ ብዬ ጽፌ ነበር።»

«አባቴ አይቶታል» አለኝ።

«እንግሊዝኛ አያነቡም እኮ!»

«ኦሮምኛ በምን ፊደል የሚጻፍ መሰለሽ? መጽሐፍ ቅዱሱን በየማለዳው የሚያነበው በዚያው ፊደል ነው። ቲዋን ሲያይ ነው የገባው። ያን ዕለት ቤት ገብቶ አፋጠጠኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አመሰገኑኝ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹እኔ ተናገርኩ እንጂ እጇን አልያዝኩም፤ ያቆመችው ራሷ ናት› አለኝ።»

እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልገረመውም።

መኪና ውስጥ ለሊዲያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቲዋንም። «ብቻሽን ብትሆኚ ትጨርሺው ነበር?» አለችኝ።

«እጨርሰው ነበር» አልኳት።

መታጠፊያው ሲደርስ ወደ ቤታችን የሚወስደውን የአፕል ቫሊን መንገድ ትቼ ወደ ሲዋርድ ዞርኩ። ጋሼ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከለቅሶው ቀርተዋል።

«ወዴት ነው?» አለች ሊዲያ።

«ጋሼ ጋ። ‹ገደላችሁኝ› ያልኳቸውን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።»