የሕዝቅያስ የሰርግ ቀረጻ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ያለን ሐበሾች ሕዝቅያስን ስናነሳ "የኛ ዳይሬክተር" ነው የምንለው። ምግብ ቤቴ የሚመጣው ሁሉ ስለሱ ሲያወራ እኔ ምላሴን ነክሼ ሳህን አነሳለሁ። ልናገር ብል ራሴንም ነው የማጋልጠው። ዛሬ ግን ይውጣልኝ።

ሰውየው ከምንም ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ ይሄን አልክድም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግና ክርስትና ሲቀርጽ ኖሯል። ካሜራውን ተሸክሞ በማታቱ ሚኒባስ እየተጋፋ የሚሄድ፣ ሙሽሮቹን "ፈገግ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?" እያለ የሚያስቅ ሰው ነበር። የሚያልመው ግን ድራማ ነው፤ እዚሁ ናይሮቢ ስላለነው ስለኛ፣ በአማርኛ። ስንቱ ሳቀበት! እኔም ስቄበታለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ዌስትላንድስ ያለ አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት በስንት ልመና እሺ አለው። የመጀመሪያውን ክፍል ሰኞ ጠዋት ካመጣህ እናየዋለን፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አለን አሉት። ክፍሉ የሰርግ ነው። ኢምባካሲ ሰፈር አንድ ግቢ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ተከራየ። ሙሽራ አድርጎ የመረጣት ብሩክታዊትን ነው። ከደሴ መጥታ እኔ ጋ እየኖረች በአስተናጋጅነት የምትሠራ፣ ሳቋ ከማድቤት እስከ መንገድ የሚሰማ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ለሠራተኞቹ ምሳ አቀርባለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወንድሟ ኢዮኤል ከደሴ ደወለልኝ። "እትዬ እህተማርያም፣ እማዬ ታማለች። ብሩክታዊት ቶሎ ትምጣ። ብቻዋን ሆና እንዳትደነግጥ እርስዎ ይንገሩልኝ" አለኝ።

በኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። ታማለች፣ ትምጣ ከተባለ አልቋል ማለት ነው። ስንቱን እንዲህ አድርገን ሸኝተናል! ምሳውን ይዤ ኢምባካሲ ስደርስ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። ሕዝቅያስ ገና ሲያየኝ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

"እናቷ አርፈዋል" አልኩት።

"ማን አለ?"

"ወንድሟ ነው የደወለው። ታማለች፣ ትምጣ ነው ያለኝ። መቼም ይገባሃል።"

ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "እህተማርያም፣ በሞቴ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ" አለኝ። "ሴትየዋ እንደሆኑ አንዴ ሄደዋል። ዛሬ ብንነግራት፣ እሑድ ብንነግራት ለሳቸው ምን ይለውጣል? ለኔ ግን የአስራ አንድ ዓመት ልፋት ነው።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አይ እኔ! በልፋቱ ሆዴ ባባና እሺ አልኩ። ዓርብ ኢዮኤል መልሶ ሲደውል "ቲኬት እየፈለግንላት ነው" ብዬ ዋሸሁት። "ኧረ በናታችሁ ቶሎ በሉ!" አለኝ። ይሄንንም ለወጉ ያለው መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻው ቀረጻ ነበር፤ ሙሽራዪቱ ሚዜዎቿ መሐል ሆና ትስቃለች። ሕዝቅያስ እንደሌላው ቀን አልጮኸም። ዓይኗን ማየት አቅቶት አንገቱን እንደደፋ "ድገሚው፣ ከልብሽ አይደለም" ይላታል። አምስት ጊዜ ደገመችው። በአምስተኛው ያ ሳቋ መጣ፤ ካሜራ የያዘው ሰው ሳይቀር አብሯት ሳቀ። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። ኢዮኤል ነው፤ ያለቅሳል። "እትዬ፣ እማዬ አሁን አረፈች።"

"አሁን? አሁን ማለት?"

"ግማሽ ሰዓት አይሆናትም። እስከ ጠዋት ድረስ ታወራ ነበር እኮ። በር በተከፈተ ቁጥር 'መጣች?' ትለኛለች። እናንተ ደግሞ ቲኬት ትሉኛላችሁ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሕዝቅያስ ሥራው አልቆ ሲጨበጨብለት ትቷቸው ወደኔ መጣ። ነገርኩት። "ሞተዋል አላልሽም እንዴ?" አለኝ። እሑድ በማለዳ ሰው ሰብስበን አረዳናት። ሰኞ ደሴ ስትደርስ እናቷ ተቀብረዋል።

ድራማው ተወደደ። ሕዝቅያስ ዌስትላንድስ ቢሮ ተሰጠው፣ ፊልምም ሠራ፣ ስሙ ተጠራ። ያንን ሳቅ ግን ድርጅቱ በየበዓሉ ያሳየዋል፤ ሲጀምር ሕዝቅያስ ተነስቶ ይወጣል። ቆርጣችሁ አውጡልኝ ብሎ ቢለምናቸው ምርጥ ሥራህን ነው እንዴ የምትጠላው ብለው ሳቁበት። ብሩክታዊት ሁሉንም ከወንድሟ ሰምታ ነው የተመለሰችው። ልብሷን ሰብስባ ከቤቴ ወጣች። አሁን ኢምባካሲ አንድ የካርጎ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች።

ባለፈው ወር ሕዝቅያስ "ይቅርታ ሳልጠይቃት ብሞትስ?" አለኝና አብረን ሄድን። በምሳ ሰዓቷ መጋዘኑ ደጅ አገኘናት። ሰው ሁሉ እያየው እግሯ ላይ ወደቀ።

"ማርያምን፣ ሞተዋል ብዬ ነው! በሕይወት እንዳሉ ባውቅ አንዲት ሰዓት አላቆይሽም ነበር።"

እኔም ከኋላው "እውነቱን ነው፣ ሞተዋል መስሎን ነው" አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይችን ምክንያት ታቅፈን ነው የኖርነው።

እጁን ይዛ አስነሳችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

"እሺ፣ ሞታ ነበር እንበል" አለች። "እናቴ ቤት ውስጥ ተገንዛ ተኝታ፣ ሰው እያለቀሰላት፣ እኔን ሦስት ቀን ልታስቁኝ ነበር ማለት ነው?"

የምሳ ሰዓቷ አልቆ ወደ መጋዘኑ ገባች።