ባቄላው ከተበላ በኋላ

ነገሩ የአምስት ሰዎች ነው። አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን በልጅነቴ ስለ ሞተ ያሳደገኝ፣ የመጀመሪያ በሬዬን የሰጠኝ፣ በአጥቢያችን ከሁሉ የበለጠ ከብት የነበረው ሰው። ሁለተኛው ከወንዝ ማዶ የሚኖር፣ አንድ በሬ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ በሬው አንድ ቢሆንም ምላሱ ጥማድ ሙሉ ነበር። ሦስተኛው በድጓ ትምህርት ቤቷ በቤተ ልሔም ተምረው የመጡት የአጥቢያችን ቄስ ናቸው። አራተኛዋ ባሏ የሞተባት፣ የሙት ዓመቱን ዝክር የደገሰች ሴት ናት። አምስተኛው እኔ ነኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው አሉ፤ ከእኔ ልጆች ጋርም አንድ ገበያ ይውላሉ።

አገራችን ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነበር። በአጥቢያችን መካከል ሁሉም በጋራ ከብት የሚያሰማራበት፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት አንድ ሰፊ ጨፌ ነበረ። ርስቱ በወንድማማች እየተከፋፈለ ስለ ሄደ አንዳንዱ ሰው የነበረው የገብስ ማሳ በሬ ከሚዞርበት ስፍራ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ መሬት ያጠረው ሰው ጨፌው ይታረስ አለ፤ ከብት ያለው ሰው አይነካም አለ። እኔ ከብት ከነበራቸው ወገን ነበርሁ። ሽምግልና ሁለት ዓመት ተሞከረ፤ አልያዘም። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለቱ ወገኖች ዱላ ተማዘዙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ደም ይፈስሳል፣ ወይ ክርክሩ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ወጥቶ የልጅ ልጃችን ሲሟገት ይኖራል።

መላውን ያመጡት ቄሱ ናቸው። ለፓርላማ እንደራሴ ስንመርጥ ወረቀት ሣጥን ውስጥ እንደሚጣል አይተን ነበር። የእኛ ሰው ብዙው ማንበብ ስለማይችል ቄሱ በወረቀት ፈንታ እህል ይሁን አሉ። ለየአባወራውና መሬት ላላት ሴት ሁሉ አንድ ባቄላና አንድ አተር ይሰጠዋል፤ እጁን በጋቢው ሸፍኖ ከሁለቱ አንዱን ገንቦ ውስጥ ይጥላል። ባቄላ ይታረስ ማለት ነው፤ አተር ይቅር ማለት ነው። ቆጣሪ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ተመረጠ። ከእነሱ ባለ አንድ በሬው ተመረጠ፤ ከእኛ እኔ። ሰዉ እየሳቀ እንደራሴዎች አለን።

እኔን የመረጡኝ ቁጥር ስለምጽፍ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉን ከደጀ ሰላም ውጭ ቆሜ ልጆች ሲያነቡ እየሰማሁ፣ ቁጥሩን አርብ ገበያ ውስጥ ከአንድ እስላም ነጋዴ መዝገብ ላይ በትከሻው በኩል እያየሁ ነው የያዝሁት። ሰውዬው ደግ ነበር፤ ሲያየኝ መዝገቡን ወደ እኔ ዘንበል ያደርግልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ልጆቼ ሰነፍ እንዳይሆኑ ነው።

ከመቁጠራችን በፊት ቄሱ ሁለታችንን በቤተ ክርስቲያኑ በር አቁመው አስማሉን። መሐላው አጭር ነበር፤ ለመረጠኝ ብቻ ሳይሆን ለአጥቢያው ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ የሚል። ያን ጊዜ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ሕዝቡ ሲበተን ቄሱ ማዶ ቀበሌ ሰው ሞቶ ለፍትሐት ተጠርተው ሄዱ፤ ፍሬውን ዕቃ ቤት ቆልፉበት ብለውኝ ነበር። እኛ ሁለታችን አጎዛ ዘርግተን ፍሬውን አፈሰስን። አተሩ እየተንከባለለ አስቸገረን። ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ባቄላ ስድሳ ሦስት፣ አተር ሃምሳ ስምንት። በወረቀት ጻፍሁት። ከሃምሳ ስምንቱ አንዱ የእኔ ነበር።

ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ከቄሱ ጋር ሄዶ አገኘሁት። ፍሬውን ቤቴ ባሳድረው ነካካው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በመሐረቤ ቋጠርሁና በደጀ ሰላሙ መደብ ላይ አኖርሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ አገር ለሙት ዓመት ዝክር የአጥቢያው ሰው ከየቤቱ እፍኝ እህል በጨርቅ ቋጥሮ ደጀ ሰላም ያኖራል፤ ባለ ዝክሯ ሁሉንም ሰብስባ ንፍሮ ትቀቅላለች። በማግስቱ የዚያች ሴት ዝክር እንደ ነበር አውቃለሁ። መደቡም ላይ ቋጠሮ ሞልቶ ነበር። አየሁት፤ ግን አላሰብሁትም። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሳያስብ የሚያጠፋው ከማያውቀው ይበልጣል።

እሑድ፣ ቄሱ ተመልሰው ከቀደሱ በኋላ፣ ሕዝቡ በዛፎቹ ጥላ ተቀመጠ። ንፍሮ በየመዳፉ ታደለ። ባለ አንድ በሬው ተነሥቶ ጨፌው ይታረስ የሚለው ማሸነፉን ተናገረ። ገና ቃሉን ሳይጨርስ ወንድሜ ተነሣ። የአሸናፊ ቃል አይበቃኝም፤ ፍሬው መጥቶ በሁላችን ፊት ይቆጠር አለ። ትክክል ጠይቋል። እኔ ላመጣው ሄድሁ።

መሐረቤ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ በውስጡ ምንም የለም። ሴትዮዋ ከጉልቻው ዘንድ ነበረች። ቋጠሮውን ስጠይቃት ደስ ብሏት ነበር የመለሰችልኝ።

«ያንተ ነበር እንዴ? ከሁሉም ጋር ማታ ዘፈዘፍሁት። ምነው፣ ለነፍስ አይደል የመጣ?»

ባዶ መሐረቤን ይዤ ወጣሁ። የሆነውን ስናገር ሰዉ የያዘውን ንፍሮ አየ። የሚያላምጥ የነበረው ማላመጡን ተወ። ባለ አንድ በሬው መዳፉን አየት አደረገና፣ «አሁን የዋጥሁት አተር ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከእናንተ አንድ ቀነስሁ» አለ። ገሚሱ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ወደ ደወሉ ጀርባ ወሰደኝ።

ያለኝን ሁሉ አልጽፈውም። ቄሱ ሲቆጠር አልነበሩም። ማዶኛው ተቀናቃኝ ስለሆነ ቃሉ አይያዝም። የቀረው የእኔ ወረቀትና የእኔ ቃል ብቻ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ወረቀቱን ቅደደው። አላስታውስም በል፤ ዋሽ አላልሁህም፣ አላስታውስም በል። ነገሩ ደብረ ታቦር ይወጣል። እነሱ ለመንገድ ስንቅ የላቸውም፤ እኔ አለኝ።»

«ወንድም ጋሼ፣ አስታውሳለሁ እኮ» አልሁት።

«ማን አሳደገህ?»

«እርስዎ።»

የሰጠኝን በሬ አሰብሁ፤ ቀዩን። ያሳደገኝ ሰው እንዳልሰርቅና እንዳልዋሽ እየገረፈ ነው ያሳደገኝ። እንግዲህ ልጁ ሆኜ ያስተማረኝን ብጠብቅ እሱን መካድ ነው ወይስ መታዘዝ? ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም፤ ያን ቀን ግን እግሬ ወደ ሕዝቡ መለሰኝ።

ወረቀቱን አውጥቼ ቆምሁ።

«እኔ የጣልሁት አተር ነው፤ ተሸንፌአለሁ። ባቄላ ስድሳ ሦስት፣ አተር ሃምሳ ስምንት። ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ቋጠሮውን ያለ ቦታው ያኖርሁትም እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋን ማንም እንዳይናገራት።»

ከእኛ ወገን አንድ ሽማግሌ፣ እኛ መርጠንህ ለእነሱ ትመሰክራለህ ወይ ብሎ በቁጣ ጠየቀኝ። እኔ የተመረጥሁት እንድቆጥር ነው፤ እንዳሸንፍ አይደለም አልሁት። ተፍቶ ተቀመጠ። ከእሱ በቀር የተቃወመ አልነበረም። የተሸነፈ ሰው መሸነፉን በአፉ ሲናገር ክርክር ይሞታል፤ አሸናፊ መቶ ጊዜ ቢምል ግን አይሞትም። ይህን ያኔ ነው የተማርሁት።

ይሁንና ሥራዬ በዚያ አላለቀም። ብዙ ተመራጭ ድምፅ ሲቆጠር ጨረስሁ ብሎ ጋቢውን ያጣፋል። የተመራጭ ሥራ ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው። ያሸነፈው ወገን ዕለቱን የመሬት መለኪያ ገመድ ይዞ ሊከፋፈል ተነሥቶ ነበር። እኔም ቁጭ በሉ አልሁ። ጨፌው ሁሉ ከታረሰ የሃምሳ ስምንት ቤት ከብት በየት አልፎ ወደ ወንዝ ይወርዳል? በወንዙ በኩል ያለው ሲሶ ለመንጃና ለጥጃ ይቅር አልሁ። ጉምጉምታ ሆነ። አሸንፈን ሳለ ለምን እንሰጣለን አሉ፤ እውነትም ነበራቸው።

ያን ጊዜ ባለ አንድ በሬው ተነሣ። የገዛ ወገኖቹን እንጂ እኛን አላየም።

«እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው። እሱም ውሃ ይጠጣል።»

ይህን ብቻ ብሎ ተቀመጠ። የራሱ ሰዎች ያን ቀን የሰደቡትን ስድብ እኔን የሰደበኝ የለም። ግን ሲሶው ቀረ። ቄሱም መሬቱን በፊታቸው በገመድ አስለኩ።

ከዚያ ስንመለስ የባለ አንድ በሬውና የእኔ መንገድ እስከ ወንዙ አንድ ስለ ነበር አብረን ወረድን። መለያያው ላይ፣ ዛሬ ሁለታችንንም የሚወድ ሰው የለም አለኝ። እንግዲያስ በደንብ ቆጥረናል ማለት ነው አልሁት። ሳቀና ወንዙን ተሻገረ። በሕይወቴ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ። እንደዚያች እሑድ አንገቴን ቀና አድርጌ ቤቴ የገባሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ቤቴ አልመጣም። ግጦሹ ስለ ጠበበ ከብቱን አርብ ገበያ እየነዳ ሸጠ፤ ሲያልፍ ከደጄ ቆሜ እጅ እነሣዋለሁ፣ እሱ ወደ ከብቱ ያያል። በአራተኛው ፋሲካ፣ ሳልጠራው፣ ገብቶ በአባታችን ቦታ ተቀመጠ። ስለ ቆጠራው አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ለልጄ ጉርሻ ሰጠው። ያቺ ሴት ደግሞ ከዝክሩ በሳምንቱ ባቄላና አተር ቋጥራ ልካልኝ ነበር፤ አልተቀበልሁም፣ ዕዳው የእኔ ነውና።

አንድም ሰው ደብረ ታቦር አልወጣም፤ አንድም ሰው አልቆሰለም። መቁጠር ልማዴ ስለሆነ የከፈልነውንም ቆጥሬዋለሁ። ካረሱት ወገን ያሸነፉት መሬት ሲሶ፤ ከየቤቱ የጨፌውን ውሃ ማጥፈፊያ ቦይ ለመቆፈር ሁለት ሁለት ቀን ጉልበት፤ ከወንድሜ አሥራ አንድ ከብት፤ ከእኔ ሦስት ፋሲካ፤ ከሁላችን አንድ እፍኝ ንፍሮ።