እትዬ ወርቄ ለሞተሩ ዘፈኑለት

ሞተሩ መጮህ ሲጀምር እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ለወፍጮው ዘፈኑለት! እኔ እስካሁን እየሳቅኩ ነው።

ዛሬ እዚህ መንዝ፣ የባና ሠሪዎች ማህበራችን ወፍጮ ሥራ ጀመረ።

ነገሩን የቀዳነው ከቡና ገበሬዎች ነው። ማህበሮቻቸው በፍትሃዊ ንግድ ሲሸጡ ገዢው ከዋጋው በላይ ለመንደራቸው ልማት ይጨምርላቸዋል። የእኛ ብርድ ቡና አያበቅልም፤ በግ ግን ሞልቶናል። እኛም ከበግ ፀጉር የምንሠራውን ብርድ ልብስ፣ ባናችንን፣ እንደዚያው ሸጥን።

በተጨመረልን ገንዘብ ወንዶቹ የስብሰባ አዳራሽ ይሠራ አሉ (ስብሰባ አልበቃ ብሏቸው!)። ፈታዮቹ ሴቶች ግን ለወፍጮ እጅ አውጥተው አሸነፉ።

እትዬ ወርቄ የፈታዮቹ አለቃ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይ ሲፈጩ የኖሩት እየዘፈኑ ነው። "ካልዘፈንኩ ዱቄቱ አይልምልኝም" አሉ። ገብሳቸው ተገለበጠ፣ ዘፈኑ ተጀመረ፣ ገና አዝማቹ ላይ ሳይደርሱ ተፈጭቶ አለቀ።

"ቆይ እንጂ አንተ! መች ጨረስኩና!" ብለው ሞተሩን ተቆጡት።

ከዚያ ዘፈኑን ለመጨረስ ሌላ ገብስ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሮጡ!

እናንተ ጋስ ማህበራችሁ ያመጣውን አዲስ ነገር እንዲህ የተቀበለው ማን ነው? ጻፉልኝ። እኔ እትዬ ወርቄ ገብሳቸውን ተሸክመው ብቅ ብለዋልና አዝማቹን ልቀበላቸው።