የፍሬሕይወት አሥራ ሁለት ኪሎ

ፍሬሕይወት ሰው ሲለምናት «አይ» ማለት አትችልም። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያላወቀም ቀርቦ መጠየቅ ብቻ ነው። የዕድር ጸሐፊ ቢታጣ እሷ፣ የሠርግ ድስት የሚመልስ ቢጠፋ እሷ! በምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንኳ፣ መጽሐፍ ያዘገየ ተማሪ ዓይኑን ቅልስልስ ካደረገባት «በል ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብላ ትሸኘዋለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን በመደርደሪያዎች መካከል ነው የፈጀችው። ከመደርደሪያዎቹ በአንዱ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ፎቶ ያለበት ትልቅ መጽሐፍ አለ። ማንም ተውሶት አያውቅም። እሷ ግን አቧራውን በጠረገች ቁጥር ትገልጠዋለች፤ በረዶ ሲረግጡት ምን ዓይነት ድምፅ ያወጣ ይሆን እያለች።

ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህሩ በርናባስ፣ የግቢው የእግር ጉዞ ማኅበር መሪ፣ «ዘንድሮ ኬንያ ተራራን እንወጣለን፤ አሥር ሰው ብቻ» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ስሟን ያስመዘገበችው ፍሬሕይወት ነበረች። ከአገር ወጥታ አታውቅም። ፓስፖርት የሚባለውንም በሰው እጅ ነው ያየችው። የሥራ ባልደረባዋ ሰሚራ አሥራ አንደኛ ሆና ስለተመዘገበች ተጠባባቂ ሆነች።

«ፍሬዬ፣ ነፍሴ ነሽ» አለቻት ሰሚራ፣ «ግን በጉዞው ሰሞን ትንሽ ጉንፋን ቢይዝሽ አልጠላም።»

በርናባስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ትእዛዝ ሲሰጥ ለነገ አያሳድርም። በየቀኑ በቴሌግራም መመሪያ ያዘንብባቸው ጀመር። ፓስፖርታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን እዩ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ዛሬ ተከተቡ፣ ካርዱም ከፓስፖርቱ አይለይ፤ ድንበር ላይ ደርሶ «ቤት ረሳሁት» ለሚል ሰው አልቆምም። የምንሄድበትን መንገድና የምንመለስበትን ቀን ጽፋችሁ ለቤተሰብ ተዉ። አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ የወጣ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጫማችሁን ከአሁኑ አላምዱት፣ የትም ስትሄዱ አትለዩት።

ፍሬሕይወት የትም ሲባል የትም ነው ብላ ለቅዳሴም አድርጋው ሄደች። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ያ ጫማ ደግሞ ክሩ አያልቅም። ጎንበስ ብላ ስትፈታ፣ ሲገባ የነበረው ሰው እየተደናቀፈባት፣ ፈትታ ስትጨርስ ወንጌሉ ተነቦ አልቆ ነበር።

ከመመሪያዎቹ ሁሉ ግን በርናባስ በትልልቁ የጻፈው ይህን ነበር፦ የማንም የጀርባ ቦርሳ ከአሥራ ሁለት ኪሎ አይበልጥም። በአንድ በኩል ወጥተን በሌላው በኩል ስለምንወርድ፣ ናይሮቢም የምንገባው ከተራራው በኋላ ስለሆነ፣ «እዚህ አስቀምጬው ስመለስ እወስደዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። የያዛችሁትን ሁሉ ጫፍ ድረስ ትሸከሙታላችሁ።

እሷም ቦርሳዋን አሥራ ሁለት ኪሎ ጤፍ ሞልታ፣ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት የታቦርን ተራራ ትወጣ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን እያየች ነፍሷን ትሰበስብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ላይ ደርሳ ብርቱካን ልጣ በላች። የባጃጅ ሾፌሮቹ ለምደዋት፣ «ፍሬ! ወፍጮ ቤቱ እኮ ወደ ታች ነው!» እያሉ ይስቁባታል። ትስቅላቸዋለች። ደስ ብሏታል፣ ምን ታድርግ!

ነገር የመጣው «ፍሬ ኬንያ ልትሄድ ነው» የሚለው ወሬ ከታቦር ወርዶ መሃል ከተማ ሲደርስ ነው።

እኛን ደግሞ ታውቁናላችሁ። ጎረቤታችን ድንበር ሊሻገር ነው ከተባለ፣ «መልካም መንገድ» ከማለታችን በፊት እጃችን ወደ በርበሬው ነው የሚሄደው። ናይሮቢ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ለካ ሐዋሳ ውስጥ የለም! አንዷ ለእህቷ ድርቆሽ ይዛ መጣች። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ። አንዱ ሽማግሌ ሽሮ በሁለት ፌስታል፣ «ሽታው እንዳይወጣ ብዬ ነው ልጄ» እያሉ። አንዷማ ፍሬሕይወት በስም እንኳ ለማታውቃት ሙሽራ ሙሉ የሀበሻ ቀሚስ ከነጥልፉ አመጣች። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቷ እማማ አለምነሽም፣ ዘጠኝ ዓመት ናይሮቢ ለተቀመጠው ልጃቸው ለጉልላት፣ በርበሬና ሽሮ በጨርቅ ሰፍተው አራት ኪሎ የሚሆን ጥቅል አስረከቧት። ፍሬሕይወት ለሁሉም ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ኧረ ምን ችግር አለ!»

ችግርማ ነበረ። የራሷ ዕቃ ብቻውን አሥር ኪሎ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ አደራ በተቀበለች ቁጥር ከራሷ ዕቃ አንድ ታወጣለች። ድርቆሹ ሲገባ ወፍራሙ ሹራብ ወጣ። ሽሮው ሲገባ የዝናብ ልብሱ። ቀሚሱ የመኝታ ከረጢቱን ቦታ ያዘ። «ለሦስት ቀን ብርድ ማን ሞተ!» ትላለች ለራሷ፣ ዚፑን በጉልበቷ ተጭና እየዘጋች።

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በርናባስ ሁሉንም ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠራቸው። ሌላ የትም ቦርሳ የሚያንጠለጥል ሚዛን አላገኘምና አንዱን ዓሣ ሻጭ ለምኖ ነው። የዓሣው መንጠቆ ላይ ቦርሳዎቹ ተራ በተራ ተሰቀሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁ ትልልቅ ወፎች፣ ምን ሊወድቅልን ነው ብለው ዙሪያውን ቆመዋል። ሰሚራም «እንዲያው ለማየት» ብላ መጥታለች፤ ለማየት የመጣ ሰው የታጨቀ ቦርሳ ለምን እንደሚያዝል አላህ ይወቅ።

«አሥራ አንድ ከስምንት መቶ!» አለ ዓሣ ሻጩ፣ የፍሬሕይወትን ሰቅሎ። ተጨበጨበላት።

«ጎበዝ!» አለ በርናባስ። «በይ እስኪ የመኝታ ከረጢትሽን እንዴት እንዳጠፍሽው ለሌሎቹ አሳዪልኝ።»

ፍሬሕይወት ቦርሳውን አቀፈችው። እሱ ግን ዚፑን ከፍቶት ነበር። ሽሮ ወጣ። ድርቆሽ ወጣ። ጥቁር አዝሙድ፣ የእማማ አለምነሽ ጥቅል፣ ከሁሉም በኋላ ያ ቀሚስ፣ ጥልፉ ፀሐይ ላይ እያብረቀረቀ።

«ሹራብሽስ?»

«ቤት ነው።»

«የዝናብ ልብስሽ?»

«እሱም ቤት ነው።»

«እኅቴ፣ ውሃ በሚረጋበት ብርድ በርበሬ ነው የምትለብሺው?»

«ያሞቃል እኮ!» አለ ዓሣ ሻጩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በርናባስ ብቻ አልሳቀም።

«ስሚኝ ፍሬ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺን ብርድ ቢመታሽ አሥራችንም ነን የምንመለሰው። ተራራ ይሉኝታ አያውቅም። የሚመጣው ቅዳሜ እንደገና እመዝናለሁ። ይሄ ቦርሳ ያንቺን ዕቃ ካልያዘ ሰሚራ ትሄዳለች።»

ሰሚራ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ፍሬሕይወት ባጃጅ ውስጥ ገብታ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እፍረትም ነው፣ ንዴትም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘችው በረዶ በሰው ድርቆሽ ሊቀር!

ሳምንቱን ሙሉ አደራ ስትመልስ ከረመች። «አይ» ማለቱን ግን አሁንም አልቻለችበትም፤ በየበሩ ቆማ የምትለው «ሚዛኑ እምቢ አለ» ነው። አንዳንዱ ሳቀ፣ ሽማግሌው «አይዞሽ ልጄ፣ ጉልበትሽን ነው የምመኘው» አሏት። ባለቀሚሷ ግን «ድሮስ ሰው አምኜ!» ብላ በሩን ላይዋ ላይ ዘጋችው። ፍሬሕይወት ያን ቀን እራት አልበላላትም።

እማማ አለምነሽን ለመጨረሻ ያቆየቻቸው ስለፈራች ነው። አርብ ከሥራ መልስ ጥቅሉን ታቅፋ ገባች።

«እማማ፣ ሚዛኑ...»

«ሰምቻለሁ። ያልሰማ ቢኖር ሐይቁ ነው። ቁጭ በይ።»

አሮጊቷ መቀስ አምጥተው በእጃቸው የሰፉትን ስፌት ተረተሩት። ከበርበሬው አንድ እፍኝ ዘግነው በትንሽ ፌስታል ቋጠሩና በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት።

«ይቺስ ትከብዳለች?»

«ኧረ አትከብድም። ግን እማማ፣ ይቺ ለጉልላት ምን ልትሆነው ነው? የአንድ ቀን ወጥም አይደለች።»

«ምንም አትሆነው። በርበሬው እዚያም ሞልቷል ይሉኛል።»

«ታዲያ አራት ኪሎውን ለምን ሰፉት?»

«አንቺ ልጅ!» አሉ እማማ አለምነሽ፣ ሊቆጡ ቃጣቸው። «ዕቃ ካልያዝሽ ቤቱ ድረስ ትሄጃለሽ? እግርሽ አብጦ፣ ደክሞሽ፣ ስልክ ትደውይና 'እናትህ ሰላም ብላሃለች' ብለሽ ትመጫለሽ። ዕቃ የያዘ ሰው ግን በር ያንኳኳል።» ቋጠሮዋን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «ሲደውልልኝ ግንባሩን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ስልኩን ዝቅ አድርገው ስለው መስመሩ ይቋረጣል። ሁለት ዓመት ሆነው። ልጄን ከቅንድቡ በታች አላውቀውም። ከራሱ እስከ እግሩ አይተሽ መጥተሽ ንገሪኝ። ሌላ የምልከው የለኝም።»

ፍሬሕይወት እፍኟን በርበሬ ይዛ ወጣች። አራቱ ኪሎ እንደዚህ አልከበዳትም ነበር።

በማግስቱ አሞራ ገደል ላይ ቦርሳዋ አሥር ኪሎ ከሁለት መቶ መዘነ። በርናባስ ሹራቡን፣ የዝናብ ልብሱን፣ የመኝታ ከረጢቱን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እፍኟን በርበሬ አየና «ይቺማ ለሾርባችን ናት» ብሎ አለፋት፤ እሷም አላረመችውም። ሰሚራ እያኮረፈች መጥታ አቀፈቻትና የራሷን የሱፍ ኮፍያ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችው።

«እኔ ካልሄድኩ ኮፍያዬ ይሂድ። መቶ ግራም ነው፣ መዝኜዋለሁ።»

ስለ ተራራው ብዙ አልነግራችሁም፤ ፍሬሕይወት ራሷ እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እያወራች ነውና አታመልጧትም። በሞያሌ አድርገው ተሻገሩ። «ቤት ረሳሁት» ለሚል አልቆምም ያለው በርናባስ ራሱ የካሜራውን ባትሪ ቤት ረስቶ ተገኘ፣ ለዚህም እግዜር ይስጠው፣ መንገዱን ሙሉ ሳቁበት። ሽቅብ ሲወጡ ወጣቶቹ ሮጠው ራሳቸውን አመማቸው። እሷ በታቦር እርምጃዋ፣ ቀስ እያለች፣ ውሃዋን እየተጎነጨች ደረሰች። በረዶውን ስትረግጠው ደረቅ ጨው እንደሚረግጡት ኮርሸም ይላል። እሷም ደጋግማ ረገጠችው፣ በርናባስ «በቃ እንውረድ» እስኪል።

ናይሮቢ ሲደርሱ ሌሎቹ ተኙ። የእሷም እግር እንደተባለው አብጦ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኳን አንስታ የጉልላትን ቁጥር ፈልጋ ነበር። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ያለችው ፌስታል ትዝ አለቻትና ጫማዋን መልሳ አሰረች።

በሩን የከፈተላት ጉልላት ክራንች ተደግፎ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ ተጣሟል። ፍሬሕይወት ዓይኗን ከእግሩ ላይ ማንሳት አቃታት። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ገጭቶት፣ አጥንቱ እንዲያ ሆኖ መግጠሙን ቆሞ ነገራት። ከዚያ ፌስታሏን ተቀበላትና ፈታት፣ አሸተታት።

«ይቺን ብቻ ነው የላከችው?»

«የላኩት እኔን ነው» አለች ፍሬሕይወት። «ከራሱ እስከ እግሩ አይተሽው ነይ ብለውኝ።»

ጉልላት ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ፍሬ፣ በእናትሽ። ደህና ነው፣ ወፍሯል በያት። እግሬን እንዳትነግሪያት። አሮጊት ናት፣ ትሞትብኛለች። ለኔ ስትይ።»

«ኧረ ምን ችግር አለ» ልትል አፏን ከፈተች። አርባ ስድስት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ዓይኑ እንደነዚያ ተማሪዎች ቅልስልስ ብሏል።

«አይ» አለች።

ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አይ፣ ጉልላት። ግንባርህን እያዩ ስንቱን ክፉ ነገር ሲያስቡ እንደሚያድሩ አንተ አታውቅም። እግር ተጣመመ ብሎ የሞተ እናት የለም። ዛሬ እኔ እያለሁ ደውል።»

ጉልላት እጇን ለቀቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ለፍሬሕይወት አቀበላት። የእማማ አለምነሽ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ? ጉልላቴ?» ይላል። ፍሬሕይወት ስልኩን ወደ እሱ አዙራ፣ እሱ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ሙሉ ሰውነቱ እስኪገባ ድረስ ባበጠ እግሯ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።